የጋሽ ደምሴ የበረዶ ሾርባ

ፒኜቶ የሚባለው ሠፈር ከትራም ወርጄ የተሰፋ ጫማዬን ላመጣ ስሄድ መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። የሰሊጥ ዘይት ሲግል፣ ነጭ ሽንኩርት ሲጠበስ፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ ቆይቶ የኮመጠጠ ጎመን። ሳላስበው እግሬ ቆመ። በዚህ ዕድሜዬ ስንት ነገር ይጠፋኛል፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ቤቱን አምሳለሁ። ይህን ሽታ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የቻይና አይደለም፣ የጃፓንም አይደለም፣ የኮሪያ ነው። ሮም ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ ያረጀች አበሻ ይህን ከየት አመጣችው ብትሉ፣ ነገሩ ረጅም ነው፤ የሚጀምረውም ሐሙስ ቀን ነው።

ያኔ ሐሙስ የእኛ ነበር። አዳሪ ሆነን የምንሠራ ሁሉ ሐሙስ ከምሳ በኋላና እሑድ እንለቀቃለን። የአሠሪዬን፣ የሲኞራዬን የምሳ ሳህን አጥቤ፣ ሽርጤን በሩ ኋላ ሰቅዬ፣ ከፓሪዮሊ ሠፈር አውቶቡስ እይዝና ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እወርዳለሁ። አደባባዩ ላይ የአገር ሰው ሞልቷል። ደብዳቤ የሚሰጥ፣ ወሬ የሚቀበል፣ ካሴት የሚለዋወጥ። ካፖርታችን ከፖርታ ፖርቴዜ ገበያ የተገዛ ነው፤ ትከሻው ስፖንጅ ስላለበት ከኋላ ሲያዩን ወታደር እንመስላለን። ፀጉራችንን በቢጉዲ ጠቅልለን አድረን ነው የምንመጣው። ቡና ቆሞ ለጠጣ ከሺህ ሊሬ በታች ነው፤ ወንበር ስቦ ለተቀመጠ ግን ዋጋው ሌላ ነው፤ ስለዚህ እግራችን እስኪዝል ቆመን እናወራ ነበር። የዘፈን ካሴት አዲስ ሲመጣ አንዷ ትገዛና ሁላችንም እንቀዳለን፤ እየተቀዳ እየተቀዳ መጨረሻ የደረሳት ሴት የምትሰማው የካሴቱን «እሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ዛሬ በዚያ ሳልፍ አደባባዩን አጥረው ይቆፍሩታል፣ ልጆቹም ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። እኔ ግን ያ ቡና ቤት ጥግ ስደርስ አሁንም ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

ጸዳለን ያገኘኋት እዚያ ነው። ሳቂታ፣ ችኩል፣ አንድ ነገር ከያዘች የማትለቅ። አባቷ ጋሽ ደምሴ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ፣ አዲስ አበባ ቀበና አካባቢ በሠፈራቸው የእድር ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። የተጣላ ሰው ሲመጣ ደምሴ ያሉት ይጸናል፤ ቃላቸው የታመነ ነው። በአንድ ነገር ብቻ ግን ማንም አያምናቸውም። ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ ቆፈኑ ሰው በሚገድልበት ወር፣ አንዲት የገጠር አሮጊት ቤቷ አስገብታ በረዶ የተንሳፈፈበት ሾርባ አጠጣችኝ፣ ጠጥቼውም ሞቀኝ ይላሉ። ሠፈሩ በሳቅ ይፈርሳል። በተለይ ልብስ ሰፊው ጎረቤታቸው ጋሽ ቦጋለ ለቀልዱ እረፍት አልሰጡትም። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ መንገድ ላይ «በረዶው መጣ! ለበረዶው ቦታ ልቀቁለት!» ይላሉ። ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። ጋሽ ደምሴ ግን ሳቅ አይሆንላቸውም፤ ፊታቸው ይለዋወጣል፣ ተነስተው ይሄዳሉ። ጸዳለ ወደ ሮም ስትመጣ ታዲያ አባቷ ልብስ ላኪልኝ፣ ሰዓት ላኪልኝ አላሏትም። «የዓለም ሰው ያለበት ከተማ ነው የምትሄጂው። የዚያን ሾርባ ስም ፈልጊልኝ» ነው ያሏት።

እኔም ደግሞ ነገር ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም። በረዶ ጠጥቶ መሞቅ እንዴት ይሆናል? ምን ቢገባበት ነው? ሲኞራዬ ስለ ምግብ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ስለነበረች ብጠይቃት «ሰውየው ትኩሳት ይዞት ይሆናል» ብላ ዘጋችኝ። ይብስ እልህ ያዘኝ።

ያኔ ሮም ውስጥ የኮሪያ ምግብ ቤት ብርቅ ነው። ከተርሚኒ ብዙም ሳይርቅ አንድ ነበር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሊሳለሙ ለሚመጡ ኮሪያውያን ቄሶችና መነኮሳት የተከፈተ። ደረጃውን ስንወርድ መነኮሳቱ ሁሉ ቀና ብለው አዩን። ተቀመጥን። ገና ሳናዝ የቤቱ ባለቤት ትንንሽ ሳህን ትደረድርልን ጀመር። የባቄላ ቡቃያ፣ ሰሊጥ የነካው ቆስጣ፣ ቀይ የኮመጠጠ ጎመን፣ ጣፈጥ ያለ ድንች፣ ጣት የማያህል የደረቀ ዓሣ። እኛ በያይነቱ የለመድን ሰዎች ይህ ሁሉ ለየብቻ በየሳህኑ መቀመጡ ከፋን። ጸዳለ ሩዙን በትልቁ ሳህን ገለበጠችና ሁሉንም ዙሪያውን አሰናድታ «አሎራ፣ ብይ» አለችኝ። ከአንድ ሳህን በእጃችን በላን። ባለቤቷ መጣች፣ አየችን፣ ምንም አላለችም፤ ባዶዎቹን ሳህኖች አንስታ ሞልታ መለሰቻቸው።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። እኛ አገር አስተናጋጅ «በሞቴ ብሉ» ትላለች፣ እንግዳ «በቃኝ» ይላል፣ ትለምናለች፣ ይምላል፣ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ይህች ሴት ግን አፏን አትከፍትም። ባዶ ባየች ቁጥር ትሞላለች። ያልለመነን ሰው እንዴት «በቃኝ» ይባላል? የቀረበን ምግብ ትቶ መነሳት ደግሞ ነውር ነው። በላን። ሞላች። በላን። ያዘዝነው ሥጋ ሲመጣ እኔ የቀሚሴን መቀነት ፈትቻለሁ፣ ጸዳለ ላብ በላብ ሆናለች። ለካስ እዚያ ሳህን ባዶ ካደረግሽ አልጠገብኩም ማለት ነው፤ የጠገበ ትንሽ ያስቀራል። ይህን ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬም ኮሪያ ቤት ስገባ ከእያንዳንዱ ሳህን አንድ ቡቃያ አስቀራለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙሳችን ፍለጋ ሆነ። ጦም ሲገባ እናቆማለን፤ በሁዳዴና በገና ጦም ማን ምግብ ቤት ይገባል? ሲፈታ እንቀጥላለን። ለኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ያሰብነውን፣ ለጫማ ያሰብነውን፣ ሁሉን እዚያ ምድር ቤት አዋልነው። በድንጋይ ድስት እየተንጫጫ የሚመጣውን ሩዝ፣ እነሱ ቢቢምባፕ የሚሉትን፣ ቀመስን። እንደ አይብ የሚፈርስ የአኩሪ አተር እርጎ ያለበትን ቀይ ወጥ ቀመስን። ከሩዝ ዱቄት የተሠራ፣ ጥርስ ላይ ሙጭጭ የሚል፣ በበርበሬ የተለወሰ ነገር ቀመስን። የበርበሬያቸው ቀለም አይን ያወጣል እንጂ ከኛ አይበልጥም። አንዷ መነኩሲት ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከትታልኝ ታውቃለች፤ እኔም ደንግጬ በደመ ነፍስ መልሼ አጎረስኳት፤ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ።

የቀመስነውን ጸዳለ በካሴት ትቀዳለች። መኝታ ቤቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ፣ ሲኞራዋ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ የዛሬው ቀይ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ዓሣ አለበት» እያለች። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ይይዘዋል። ከወራት በኋላ መልሱ ይመጣል። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ዶሮ ይጮሃል፣ ከዚያ «ጸዱ ልጄ፣ እሱ አይደለም። የኔው ቀይ አልነበረም። ውሃው ጥርት ያለ፣ ነጭ ሥር የተነከረበት፣ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነው። ደግሞ በረዶውን አትርሺ» ይላሉ። ከጀርባ የጋሽ ቦጋለ ድምፅ ይሰማል፦ «ለልጅቷ እዘንላት አንተ ሰው! የሌለ ነገር ፍለጋ እዚያ ከተማ ልታረጅልህ ነው!»

አንድ በጋ አገኘነው ብለን ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ምግብ ቤቱ በር ላይ በረዶ የተንሳፈፈበት ጎድጓዳ ሳህን ፎቶ ተለጥፏል። ጸዳለ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ስናዝ እውነትም ቀዝቃዛ መረቅ፣ እውነትም በረዶ፣ ውስጡ ግን እንደ ክር የቀጠነ ፓስታ። ጸዳለ እየበላች አለቀሰች። ካሴት ማን ይጠብቃል ብለን ስልክ ቤት ሄደን ደወልን።

«አባዬ፣ አገኘሁት! በረዶ አለው!»

«ክር ነበረበት?» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ለካ ባለ ክሩንም እዚያው አገር አይተውት ኖሯል።

ጸዳለ አየችኝ። «አዎ… ቀጭን ክር አለው።»

«ክር አልነበረበትም ልጄ። ግን ለፍተሻል፣ ተባረኪ።»

ስልኩን ዘጋች። «ክር የለበትም ብዬ ልዋሽለት ነበር» አለችኝ። «ግን አባዬ በውሸት እውነተኛ ቢባል ምን ያደርግለታል?» የምድር ቤቱ ባለቤት ደግሞ ጣሊያንኛዋ ከ«ግራትሲዬ» አያልፍም ነበር፤ «ነጭ ሥር፣ ውሃ፣ በረዶ» ብለን ብንጠይቃት ቢጫ የተነከረ ሥር በማዕድን ውሃ አጅባ አቀረበችልን።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። ሊሬ ቀርቶ ዩሮ መጣ። ትከሻ ያለው ካፖርት ቀረና አሁን እንደገና መጥቷል፤ ልጆቹ እንደ አዲስ ነገር ይለብሱታል። ሲኞራዬ አረፈች፣ ምድር ቤቱም ተዘጋ፣ በቦታው የሻንጣ መሸጫ ተከፈተ። ጋሽ ደምሴ ሲደክሙ ጸዳለ ጓዟን ጠቅልላ አባቷን ልታስታምም አገር ቤት ገባች። «ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ይቃጠል፣ አባቴ አንድ ነው» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነን። ባለፈው ክረምት ታዲያ አንድ ቀን ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«ወርቄ፣ አባዬ እኮ ራሱም መጠራጠር ጀመረ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሾርባውን። ትናንት ‹ቦጋለ ሳይሻል አይቀርም፤ ሕልም ይሆናል ያየሁት› አለኝ። ሌላውን የዘመቻ ነገር ሁሉ ደግሞ ‹ይህስ እውነት ነው ወይ› እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት? አልነበርኩ!»

ሰው መቶ ሊሞላው ምንም ሳይቀረው የገዛ ዕድሜውን አላምን ሲል ከዚህ የከፋ ምን አለ? ኢንተርኔት ላይ ፈልጊው ይሉኛል የዛሬ ልጆች። ቀዝቃዛ የኮሪያ ሾርባ ብዬ ብፈልግ ያው ባለ ክሩ ነው የመጣልኝ። ስልኩን አልወረውረው ነገር፣ ውድ ነው።

ፒኜቶ ላይ ሽታው ሲያቆመኝ ታዲያ ልቤ ውስጥ የነበረው ይህ ነበር። ወቅቱ የገና ጦም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። በጦም ቀን ኮሪያ ቤት ገብቼ አላውቅም። ግን ብርዱ አጥንት ይገባል፣ በሩም ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን ነካኝ። አሎራ፣ ምን ይመጣል ብዬ ገባሁ። ውስጡ በወጣት ጣሊያኖች ተጨናንቋል፤ የኮሪያ ዘፈን ከቃሉ ጋር ያወርዱታል። ያኔ እኛ ሁለት ካፖርታሞች ከመነኮሳት ጋር ብቻችንን የበላነውን ዛሬ ተሰልፈው ይበሉታል። ባለቤቷ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት፤ ጣሊያንኛዋ የሮም ሰው ጣሊያንኛ ነው።

«ሥጋ የሌለበት ምን አለ?» አልኳት።

«ቢቢምባፕ በአትክልት።»

«ዕንቁላል?»

«አለበት፤ አስቀርልዎታለሁ።»

«ኪምቺውስ? ጎመኑ?»

«የዓሣ መረቅና ሽሪምፕ ገብቶበታል።»

«እሱም አይሆንም።»

«ሾርባዎቹም ሁሉ ዓሣ አላቸው። ሲኞራ፣ ቬጋና ነዎት? ከእንስሳ የመጣ የማይበሉ?»

«ኧረ አይደለሁም! ጦመኛ ነኝ። እስከ ገና።»

«ገና እኮ አልፏል!»

«የእናንተ ነው ያለፈው። የእኛ ገና ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔን አየች፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ ሳቀች። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለች። «ለቤተሰቤ የሠራሁት አንድ ነገር አለ። ለደንበኛ አላወጣውም፤ ጣሊያኖቹ ለምን ውሃ አመጣሽልን ይሉኛል። በክረምት ብቻ ነው የምሠራው። ምንም የለበትም፣ ሥርና ጨው ነው።»

ይዛ የመጣችው ጎድጓዳ ሳህን ነው። ጥርት ያለ ውሃ። ውስጡ በጣት ልክ የተቆረጠ ነጭ ሥር፣ ቀጭን የዝንጅብል ቁራጭ፣ የሽንኩርት ቅጠል። ላዩ ላይ ደግሞ ሳሳ ያለ በረዶ፣ ማንኪያ ሲነካው ክሽ የሚል። ዶንግቺሚ ይባላል አለችኝ። ድሮ እናቶቻችን ትልቅ እንስራ መሬት ቀብረው ያኖሩታል፣ በውርጭ ጠዋት በረዶውን ሰብረው ይቀዳሉ አለችኝ። እኔ ግማሹን አልሰማኋትም። አንድ ማንኪያ ጎረስኩ። ጥርሴን አደነዘዘው፣ ምላሴን ቆነጠጠኝ፣ አፍንጫዬ ተከፈተ። ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ከደረቴ ሥር እንደ ዝንጅብል ሻይ ሙቀት ተነሳ፣ ወደ ትከሻዬ ወጣ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ባለቤቷ ምግቡ ያልተስማማኝ መስሏት ልታነሳው ስትል በሁለት እጄ ያዝኩት።

ደወልኩ፣ በቪዲዮ። ጸዳለ አነሳች፤ አዲስ አበባ ላይ እየመሸ ነበር፣ ጋሽ ደምሴ ጋቢ ለብሰው አልጋቸው ላይ ተደግፈዋል። አጠገባቸው እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁ የመጡት ጋሽ ቦጋለ በከዘራቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ወርቅነሽ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያቺ አሮጊት ሾርባውን ስትሰጥዎት ጦመው ነበር እንዴ?»

«ታዲያ!» አሉ። «የገና ጦም አልነበር? መጀመሪያ ያመጣችልኝ ሥጋ ነው፤ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እምቢ አልኳት። ዓሣ አመጣች፣ እምቢ አልኳት። ተናደደችና ወደ ጓሮ ወጥታ ይህንን ይዛ መጣች።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩንም!»

«ማን ጠየቀኝ? የገና ጦም መጦሙ ይነገራል እንዴ?»

ይኸው ነው እንግዲህ። እሳቸው ጦመው ያገኙትን እኛ የፍስክ ቀን እየመረጥን፣ ጦም ሲገባ ፍለጋውን እያቆምን ስንፈልገው ኖርን። እንዳገኘሁት ነገርኳቸው። አላመኑኝም።

«ቀለሙ?» አሉ።

«ነጭ ነው፤ ውሃው ጥርት ያለ።»

«ክር?»

«የለበትም።»

«በረዶው?»

ማንኪያውን ስልኩ አጠገብ አድርጌ በረዶውን ሰበርኩት። ክሽ አለ። ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ስትጠጪው ምን ሆንሽ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

«ሞቀኝ ጋሼ።»

ጸዳለ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ወደ ጎረቤታቸው አዞሩ። «ሰማህ ቦጋለ?»

ጋሽ ቦጋለ ከዘራቸውን እያዩ «ሰማሁ» አሉ።

«ውሸታም ማነው ታዲያ?»

«ደምሴ፣ እኔ እኮ ድሮም አምኜሃለሁ። መጀመሪያ የነገርከኝ ቀን ነው ያመንኩህ።»

«ምን አልክ?»

«ስትቆጣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ከዘመቻ ስትመለስ ዝም ብለህ ግድግዳ ታይ አልነበር? አንድ ቀን በሾርባው ብቀልድብህ ተነስተህ ጮህክብኝ። እፎይ አልኩ። ከዚያ በየቀኑ ቀለድኩብህ።» ጋሽ ቦጋለ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ይህች ልጅ አገኘሁት ብላ ጉድ አደረገችኝ። እንግዲህ በምን ላናድድህ ነው?»

እኔ ሮም ውስጥ ማንኪያዬን ይዤ ቀረሁ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅኩም፤ አንድ ነገር ያፈረስኩ መሰለኝ። ጋሽ ደምሴ ጎረቤታቸውን አዩአቸው። ከዚያ ትራሳቸውን ጎትተው ቀና አሉ።

«የአሮጊቷን ቤት ወለል ነግሬህ አላውቅም» አሉ።

«ምን ሆነ?»

«ከወለሉ ሥር እሳት ይነዳል። ጭሱ በምድር ውስጥ ያልፍና ወለሉ እንደ ምጣድ ይሞቃል። ሰው የሚተኛው እላዩ ላይ ነው።»

«እሳት ላይ ይተኛሉ?»

«ይተኛሉ!»

«ሂድ አንተ ዋሾ!» ጋሽ ቦጋለ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። «እሳት ላይ ተኝቶ የማይጠበስ ሰው!»

«በእግዜር ስም! በዓይኔ ያየሁትን!»

ሁለቱም አንድ ላይ መጮህ ጀመሩ፤ ጸዳለ ስልኩን ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ «ምን ይላሉ?» አለችኝ። ወለሉ እውነት ይሁን አይሁን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ጥያቄው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ጎረቤታሞች ናቸው፣ ይጣላሉ» አልኳትና ሾርባዬን ጠጣሁ።